ወይን የሌለው ወይና ደጋ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬን ጭድ ክምር ውስጥ ከተትኩት።

ስሜ ሞላ ነው። ሥራዬም መሙላት ነበር፤ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ነበርኩ። ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጎማው ሲተነፍስ እኔ ዘንድ ይቆማል። ጎማውን ፈትቼ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን አውጥቼ፣ ውኃ በሞላው ግማሽ በርሜል ውስጥ እያዞርኩ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ላስቲክ ለጥፌ ነፋስ እሞላለሁ። ሾፌሮቹ «ሞላ፣ ሞላ ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ስለምሰማው መሳቁን ትቼዋለሁ።

ጋሽ ፋንታሁን ከእነዚያ ሾፌሮች አንዱ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ሊማሊሞን በከባድ መኪና ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው መኪናውን ሸጠና ጎንደር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የአስጎብኚ ቢሮ ከፈተ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት በፒካፕ ስድስት ብስክሌት ጭኖ መጣና ሱቄ ፊት ለፊት ደረደራቸው።

«ፈረንጅ በእግሩ መሄድ ሰልችቶታል» አለኝ። «አሁን በኮረኮንች ላይ ሳይክል መንዳት ነው የሚፈልገው። አንተ ትጠግናቸዋለህ።»

«ጋሽ ፋንታ፣ እኔ እኮ የማውቀው የከባድ መኪና ጎማ ነው።»

«ጎማ ጎማ ነው» አለ። ውይይታችን በዚሁ አለቀ።

መጀመሪያ ያዘዘኝ ሥራ ብስክሌቶቹን ማየትና ዘይት ማጠጣት ነበር። አጠጣኋቸው። ሰንሰለቱን፣ ፔዳሉን፣ ጥርሱን ሁሉ አዳረስኩ። በመጨረሻ ጎማውን ሳሽከረክር ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። የሚጮህ ነገር ሁሉ ዘይት ይፈልጋል ብዬ ስለማምን ፍሬኑንና ፍሬኑ የሚይዘውን የጎማ ብረት፣ ቸርኬውን፣ ጥሩ አድርጌ ቀባኋቸው። ጋሽ ፋንታ አንዱን ብስክሌት ለመሞከር ወደ ገበያው ቁልቁለት ያዘ። ሲሄድ አየሁት። ፍሬን ሲይዝም አየሁት። ብስክሌቱ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከታች አንድ ገበሬ ጭድ ከምሮ ይሸጥ ነበርና ጋሽ ፋንታ እስከ ወገቡ ገባበት።

ከፀጉሩ ላይ ጭድ እየለቀመ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። አልተቆጣም፤ ሾፌር ነበርና ከዚያ የባሰ አይቷል። «ሞላ፣ ሰንሰለትና ፍሬን ለየቅል ናቸው» አለኝ ብቻ። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ስድስት ብስክሌት በሳሙና ሳጥብ ዋልኩ።

በድርጅታችን ማዕረጉ እንዲህ ነበር። ከታች ምግብ አብሳዩ፣ ከሱ በላይ ሜካኒኩ፣ ከሁሉም በላይ አስጎብኚው። አስጎብኚ ከፊት ይነዳል፤ ሜካኒክ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፖምፓና ትርፍ ከመነዳሪ የታጨቀበት ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ አቧራ ይበላል። ሁለት ዓመት አቧራ በላሁ። ጠማማ ቸርኬ በሽቦዎቹ ማቃናት፣ የተበጠሰ ሰንሰለት በመንገድ ዳር መቀጠል፣ የእንግዳን ኩርፊያ በሙዝ ማብረድ የተማርኩት ያኔ ነው። ከዚያ አስጎብኚው አግብቶ አዲስ አበባ ገባ። ጋሽ ፋንታም አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማርኩትን እንግሊዝኛ አስታውሶ «ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ንዳ» አለኝ።

ያንን ሥራ እወደው ነበር። ከዳባት በገብስ ማሳ መካከል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ወጥቼ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከጎማዬ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ከፊቴ የሰሜን ተራሮች ቁመው ስነዳ ስለ በርሜሌ ትዝ አይለኝም። የአገሬው ሰው ግን ሥራዬን ለመረዳት ተቸግሮ ነበር። አንድ ጊዜ አህዮቹን ገብስ ጭኖ የሚነዳ የማውቀው ገበሬ ዳገት ላይ የሚያለከልኩትን እንግዶቼን አየና ወደ ጎን ሳበኝ።

«እነዚህ ሰዎች መኪና አጡ እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አላቸው።»

«ታዲያ ምን አጥፍተው ነው?»

ጥፋቱ የኔ ሆኖ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ፋንታ አንድ ቀን «አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ እንግዳው በየቀኑ የሚያየውን በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ፣ ውጭ አገር እልከዋለሁ» አለኝ። ከትምህርት ቤት የተረፈችኝን መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ደጋን «ቀዝቃዛ ተራራ» አልኩት። ቆላን «በረሃ» አልኩት። ወይና ደጋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። መዝገበ ቃላቷን ገለጥኩ፤ «ወይን» የሚለውን አገኘሁ። እንግዲህ ወይን ወይን ነው፤ ደጋም ደጋ ነው። «የወይን ተራራ» ብዬ ጻፍኩና በራሴ ኮራሁ።

ጎንደር ያለችው ጸሐፊ ደግሞ እንግሊዝኛ የምትችል፣ ዓረፍተ ነገር ሲከሳ ማየት የማትወድ ልጅ ነበረች። የኔን ቀጭን ቃል አየችና አደለበችው። ታትሞ ሲመጣ «በእሳተ ገሞራ ኮረብቶች መካከል በተንጣለለው የወይን እርሻ ውስጥ በብስክሌት ይንሸራሸሩ» ይላል። ጋሽ ፋንታ በአማርኛ አስነብቦ ሲሰማው «እንዲህ ነው እንጂ መጻፍ» አለ። ወረቀቱም ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አራት ፈረንሳዮች መጡ። ጋሽ ፋንታ ዳባት ድረስ በመኪና አመጣቸውና ብስክሌቶቹን ሳወርድ አጠገቤ ቆመ። መሪያቸውን፣ ጠና ያለውን በርናርን፣ በአገጩ እያመለከተኝ «ይኸ ሰውዬ አገሩ ወይን ያመርታል» አለኝ። «ያቺ ክሌር የምትባለው ልጁ ናት። ሁለቱ ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ እነሱም ወይን ያመርታሉ። የኛን ወይን ሊያዩ ነው የመጡት። ምን ዓይነት ወይን እንደሆነም ጽፈው ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምን አልካቸው?»

«ምርጥ ዓይነት ብዬ አስጻፍኩላቸው።»

«ጋሽ ፋንታ፣ ወይን እኮ የለም።»

«እንዴት የለም? አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

ነገሩን አስረዳሁት። ሃያ ዓመት ሊማሊሞን የተመላለሰ ሰው አንዲት ዘለላ ወይን እንዳላየ ያውቃል፤ ግን ታትሞ ሲያየው ከዓይኑ ይልቅ ወረቀቱን አመነ። ድምፁን ዝቅ አደረገና «ሰውየው የብስክሌት ክለብ ሊቀ መንበር ነው» አለኝ። «ደስ ካለው በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ሰው ያመጣል። ካልሆነ ብስክሌቶቹን እሸጣቸዋለሁ፤ አንተም ወደ በርሜልህ ትመለሳለህ። እንደምንም አድርገው። ነገ ሊማሊሞን ወርዳችሁ ስትጨርሱ ዛሪማ እጠብቃችኋለሁ።» መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

በርናር ስልሳ ዓመት ያለፈው ሲሆን ዳገት ሲያይ የሚደሰት ሰው ነበር። ገና ከዳባት ሳንወጣ በእንግሊዝኛ «ወይኑ የት ነው?» አለኝ።

«ነገ» አልኩት።

ለምሳ ስንቀመጥ እንደገና ጠየቀኝ። «ታች ነው» አልኩት። ይህ እንኳ በከፊል እውነት ነበር፤ ወይና ደጋው ታች ነው። በየቆምንበት አፈር አንስቶ በመዳፉ ያሻል፣ ያሸታል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ለክሌር አሳያት። «የኛም ኮረብታ እሳተ ገሞራ ነው፣ ወይን እንዲህ ያለ ድንጋይ ይወዳል፣ እኛም በወይናችን መካከል በእንዲህ ያለ ጠጠር መንገድ ነው የምንነዳው» አለኝ። እሱ አፈራችንን ባመሰገነ ቁጥር እኔን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ደባርቅ ስንደርስ ለጎረቤቶቹ በፈረንሳይኛ ሲያወራላቸው ስለ ነገው ወይን መሆኑ ገባኝ። እጁን ዘርግቶ የማሳውን ስፋት ሳይቀር ያሳያቸው ነበር።

በማግስቱ ሊማሊሞ ጫፍ ላይ ሰብስቤ የቁልቁለቱን ደንብ ነገርኳቸው። ፍሬን ይያዛል፣ ይለቀቃል፤ እንደገና ይያዛል፣ ይለቀቃል። ይዞ መቆየት ቸርኬውን ያግለዋል፤ ቸርኬ ሲግል ከመነዳሪ ይፈነዳል። መኪና ሲመጣ በተራራው በኩል ይቆማል እንጂ በገደሉ በኩል አይቆምም። ያኔ አስፋልት አልነበረም። ክሌር ጠመዝማዛውን ስታይ ፈርታ ፍሬኑን እንደያዘች ወረደችና አራተኛው መታጠፊያ ላይ ጎማዋ ጧ አለ። እኔ ከመነዳሪ ስቀይር አባቷ የሩቅ ማያ መነጽሩን አውጥቶ ከገደሉ አፋፍ ላይ ታች ያለውን አገር ያስስ ነበር።

«አላየሁም» አለኝ።

«ትንሽ ይቀራል» አልኩት። ፖምፓውን ይዤ ነፋስ መሙላቴን ቀጠልኩ። ሥራውን እንደማጣው ገብቶኛል፤ ቢሆንም አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ድብ ባሕር ስንደርስ ከመንገዱ በላይ፣ በድንጋይ እርከን ላይ፣ የጌሾ ማሳ አየሁ። በመስመር ተተክሏል፤ ቅጠሉ ያብለጨልጫል። ከሩቅ ለሚያየው፣ በተለይም ሁለት ቀን ወይን ሲጠብቅ ለከረመ ሰው፣ ጥሩ ይመስላል። ሳላስበው ጣቴ ተነሣ።

«ያውልህ» አልኩት።

በርናር ብስክሌቱን መንገድ መሐል ጣለው። እርከኑን ዘሎ ወጣና አንዱን ቅጠል አገላበጠው፣ በፀሐይ በኩል አየው፣ አሸተተው። ከዚያ አፉ ውስጥ አስገብቶ አኘከው። ጌሾ በጥሬው እንዴት እንደሚመር የማያውቅ ካለ፣ የበርናር ፊት በየት በየት በኩል እንደተጨማደደ ልነግረው አልችልም።

የማሳው ባለቤት እትዬ ባንቺአምላክ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ ከጓሮ ወጡ። በዚያ መንገድ ስመላለስ ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ሰውየው ምሳ አልበላም እንዴ? ምነው ጌሾዬን ይግጥብኛል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ወይን መስሎት ነው።»

«ወይን? ማን ወይን አለ አለው?»

«እኔ ነኝ። ወይና ደጋ ስለምንል…»

መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበት። «ወይ ጉድ። ይሄ አገር እኮ ድብ ባሕር ነው የሚባለው። እስቲ ንገረኝ፣ ድብ አይተህበታል?»

«አላየሁም።»

«ባሕርስ?»

«እሱንም አላየሁም።»

«ታዲያ ወይኑን ብቻ እንዴት ልታገኘው ነው?»

በርናር የተረፈውን ቅጠል ከምላሱ ላይ እየጠረገ «ምን አለች?» አለኝ። የፈለግኩትን ልለው እችል ነበር። ወይኑ ባለፈው ዓመት ደርቆ ነው ብለው እንኳ የሚያውቅብኝ የለም። ግን ሁለት ቀን «ነገ» እና «ታች» ስል ከርሜ ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞ ሴትዮዋ የተናገሩት ነገር በጣም ትክክል ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ድቡንም፣ ባሕሩንም፣ መዝገበ ቃላቷንም።

ክሌር መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። አባቷ አልሳቀም።

«ስለዚህ ወይን የለም?»

«የለም።»

«ይህን ያወቅከው መቼ ነው?»

«ከመጀመሪያው።»

በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አፍሬአለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። እትዬ ባንቺአምላክ የሰውየውን ፊት አይተው አዘኑለት መሰለኝ «በሉ ግቡ፤ በጥሬው ከሚበላው ሲጠመቅ ይቅመሰው» አሉ።

ጠላው መጣ። በርናር ከመጠጣቱ በፊት አሸተተ፣ አገላበጠ፣ ጎንጨት አለና በአፉ ውስጥ አንከባለለው። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ፤ እኔን ሳያይ፣ በኔ በኩል። ቅጠሉ ስንት ቀን ይደርቃል? ግንዱስ ይገባል? ጌሾ ሲበዛ ምን ይሆናል? «ይመራል» አሉ። ሲያንስስ? «ቶሎ ይኮመጥጣል።» ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ዘንድ እንዲሁ ያለ ነገር አለ። እትዬም በተራቸው ወይኑን ማን እንደሚጠምቀው ጠየቁ። ራሱ መሆኑን ስነግራቸው «ምነው፣ ሴት የለችውም?» አሉና ከልባቸው አዘኑለት። ሁለቱ እንደ ባልደረባ ሲያወሩ እኔ በመካከላቸው ቧንቧ ሆኜ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ።

ዛሪማ ስንደርስ ጋሽ ፋንታ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ በጋዜጣ ያራግብ ነበር። በርናር ሄልሜቱን አውልቆ ቀጥታ ሄደና ፊቱ ቆመ። «ከባለቤቱ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ። አንተ ትተረጉማለህ» አለኝ። ጋሽ ፋንታ ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው «ዌልካም» እና «ኖ ፕሮብሌም» የሚሉትን ብቻ ነበር።

በርናር ተናገረ። እኔም ተረጎምኩ።

«ይህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ዋሸን ይላል።»

«የቱ ሰው?» አለ ጋሽ ፋንታ።

«እኔ።»

«በደንብ ስማው፤ ሌላ ነገር ይሆናል ያለው።»

«በደንብ ሰምቻለሁ። ወይን እንደሌለ እያወቀ ነገ፣ ታች፣ ትንሽ ይቀራል እያለ አስከተለን። በመጨረሻም ሌላ ተክል አሳየን። እንዲህ ነው የሚለው።»

በርናር ጣቱን ወደ አለቃዬ አዞረ። «አንተም ወይኑ ምርጥ ዓይነት ነው ብለህ ጽፈህልኛል ይልሃል» አልኩ።

ጋሽ ፋንታ ግንባሩን ጠረገ፤ የመኪናውን ጎማ አየ፤ ሰማዩን አየ። «ጸሐፊዋ ናት በለው» አለኝ።

ለበርናር «ጸሐፊዋ ናት በለው ብሎኛል» አልኩት። ክሌር እንደገና ሳቀች።

«ምን አልከው?» አለ ጋሽ ፋንታ።

«ያልከውን።»

ተነሣ። ጆሮው ቀልቷል። «በቃ። ከነገ ጀምሮ አስጎብኚ አይደለህም። ብስክሌቶቹም ይሸጣሉ፤ አንተም ወደ በርሜልህ።»

በርናር «ምን አለ?» አለ። ያንንም ተረጎምኩለት። በርሜሉንም አላስቀረሁም።

በርናር ከጌሾው ማሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። ከዚያ ወደ ጋሽ ፋንታ ዞሮ ቀስ እያለ ተናገረ። «ሴትዮዋ ያለችውን ሲነግረኝ ቢዋሸኝ አላውቅበትም ነበር፤ አሁንም ያልኩህን ቢደብቅ አንተ አታውቅበትም ነበር» አለ። «ሃያ ሰው አላመጣም፣ ወይን አለ ብዬ አውርቼላቸው አሁን ይታዘቡኛል፤ ስምንት አመጣለሁ፤ ወረቀቱ ከተስተካከለ፣ ጌሾ ያላት ሴትዮ ቤት ማረፊያ ከሆነና ይኸ ሰው ከፊት ከነዳ ነው» አለ።

ስድቤን በደህና የተረጎምኩት ሰውዬ ምስጋናዬ ላይ አፈርኩ። «ስምንት ሰው ያመጣል፤ ወረቀቱን አስተካክሉ፤ ጌሾው ጋ እንረፍ ይላል» አልኩና አቆምኩ።

ጋሽ ፋንታ ግን የበርናርን ጣት አይቶ ነበር። «ስላንተስ ምን አለ?»

«ከፊት የምነዳው እኔ ከሆንኩ ነው አለ።»

«ይቺን ከራስህ ጨምረህባት እንዳይሆን» አለ።

ማመን አልቻለም። በመጨረሻ ወደ በርናር ዞረና በጣቱ እኔን አሳየ፣ ብስክሌቱን አሳየ፣ ከፊት ያለውን መንገድ አሳየ። በርናር ሦስቱንም ጊዜ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጋሽ ፋንታ ተነፈሰና «ኖ ፕሮብሌም» አለ።

በሚቀጥለው ዓመት ስምንቱ መጡ። ወረቀቱን በአዲስ ጻፍኩት፤ ጸሐፊዋ እንዳትነካው ለምኜ። በወይና ደጋው ፋንታ «ጌሾ የሚበቅልበት፣ ሞቅ ያለ አገር» ይላል። እትዬ ባንቺአምላክ ለእንግዶቹ ቅጠሉን በጥሬው የማስቀመስ ልማድ አመጡ፤ ፊታቸውን ማየት ይወዱ ነበር። ጋሽ ፋንታ ቢሮውን እስኪዘጋ ድረስ፣ መንገዱም አስፋልት መልበስ እስኪጀምር ድረስ፣ ከፊት የነዳሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጉልበቴ ዳገት አይወድም። ወጣት አስጎብኚዎች አንዳንድ ጊዜ መጥተው ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ሁለት ነገር ነው። ያላያችሁትን አትጻፉ። ጽፋችሁ ከተያዛችሁ ደግሞ ክሳችሁን ሳታሳጥሩ ተርጉሙ።